የአንድ ቆላማ ወረዳ የምርጫ ታሪክ በሠንጠረዥ፦ የፕሬዚዳንቱ ዓምድ ምን ይሁን?

የዋጉ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ዋግ ኽምራ ውስጥ ለአንድ ቆላማ ወረዳ የታሪክ መጽሐፍ እየተዘጋጀ ነው። የምርጫውን ምዕራፍ የያዝነው ሁለት ሰዎች ነን። ወረዳው ሰው የተበተነበት ነው፤ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ለመድረስ ወደ ተከዜ ወርዶ እንደገና መውጣት የሚጠይቅበት አለ።

አጋሬ ለንድፍ እንዲሆነን ያመጣው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ያለችውን የሎቪንግ ካውንቲን ሠንጠረዥ ነው (ካውንቲ ከክፍለ ሀገሩ በታች ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው)። ለየፕሬዚዳንት ምርጫው አንድ ረድፍ፣ ሪፐብሊካን፣ ዴሞክራትና ሌሎች የሚሉ ሦስት ዓምዶች፣ በየዓምዱ ቁጥርና መቶኛ። በ2020 እ.ኤ.አ. ትራምፕ 60፣ ባይደን 4፣ ጠቅላላው 66 ድምፅ። ለዓይን ግልጽ ነው፣ ሃምሳ ዓመት በአንድ ገጽ ይገባል። እኛ ጋ ሲመጣ ግን ገና ከመጀመሪያው ዓምድ ተጣላን።

1. የፕሬዚዳንት ዓምድ ይኑር ወይስ ይቅር?
2. ከየትኛው ዓመት እንጀምር? የሸንጎው ይግባ? የጃንሆይ ዘመኑስ?
3. ወረዳና ምርጫ ክልል አንድ ነው ብለን ብንሄድ ምን ይበላሻል?
4. መቶኛው ከምን ይሰላ? ከተመዘገበው፣ ድምፅ ከሰጠው ወይስ ዋጋ ካለው ድምፅ?

ፖለቲካውን ትተን ስለ አሠራሩ ብቻ እናውራ።

---

ሐይቅ ዳር፦

ወንድሜ፣ አንደኛውና ሁለተኛው ጥያቄህ የተያያዙ ስለሆኑ አንድ ላይ ልመልስልህ።

የፕሬዚዳንት ዓምድ አያስፈልግህም። እኛ ሀገር የወረዳ ነዋሪ ለፕሬዚዳንት ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። አሁን ባለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 መሠረት ዕጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው፣ ዘመኑም ስድስት ዓመት። የምክር ቤት አባል የሆነ ሰው ፕሬዚዳንት ሆኖ ከተመረጠ ወንበሩን ይለቃል። ከዶክተር ነጋሶ ጀምሮ በግርማ ወልደ ጊዮርጊስ፣ በሙላቱ ተሾመ፣ በሳህለወርቅ ዘውዴ አልፎ እስከ ታዬ አጽቀ ሥላሴ ያሉት ሁሉ በዚሁ መንገድ ነው የመጡት። በደርግም ያው ነው። በሰኔ 7 ቀን 1979 ሕዝቡ የመረጠው የብሔራዊ ሸንጎ አባላትን ነው፤ መንግሥቱን ፕሬዚዳንት ያደረገው ሸንጎው ነው፣ እዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ።

ስለዚህ «ፕሬዚዳንት» ብለህ ዓምድ ከፍተህ ባዶ ብትተወው አንባቢው «ሰነዱ ጠፍቷል» ብሎ ይረዳዋል። ያልነበረና የጠፋ ይለያያል። ዓምዱን አውጣውና ከሠንጠረዡ ግርጌ በሁለት መስመር ምክንያቱን ጻፍ።

ከየት ትጀምር? እኔ ብሆን ሦስት የተለያዩ ሠንጠረዦች አወጣለሁ፣ አንድ ረጅም አይደለም።

የመጀመሪያው የጃንሆይ ዘመን ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ ሕዝብ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መምረጥ ጀመረ፤ እስከ 1965 ድረስ አምስት ጊዜ ተመርጧል። ፓርቲ የሚባል የለም፣ ዕጩ ለመሆን ንብረት ይጠየቃል። ስለዚህ የፓርቲ ዓምድ የለህም፤ ልትሞላ የምትችለው የተመረጠውን ሰው ስምና አውራጃውን ነው። ያኔ ያንተ ወረዳ በወሎ ጠቅላይ ግዛት በዋግ አውራጃ ሥር ነው የሚፈለገው፣ በዛሬው የወረዳ ስም ብትፈልግ ምንም አታገኝም።

ሁለተኛው 1979 ነው። ሁለት ድምፅ አሰጣጥ አለበት፣ ብዙ ሰው ያቀላቅለዋል። ጥር 24 በሕገ መንግሥቱ ላይ ሕዝበ ውሳኔ ተሰጠ፤ ያ «አዎ» እና «አይ» ነው። ሰኔ 7 የሸንጎ ምርጫ ሆነ፣ 835 ወንበር። የሕዝበ ውሳኔውን 81 በመቶ «አዎ» የሸንጎው ውጤት አድርጎ የጻፈ ጽሑፍ አይቻለሁና ተጠንቀቅ። ሁለቱም የተካሄዱት ወሎ ገና አንድ ክፍለ ሀገር ሳለ ነው፤ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ የተከፈለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ከ1984 ወዲህ ያለው ነው። ዋናው ሥራህ እዚህ ነው። ቀኖቹን ልስጥህ፦

ሰኔ 14 ቀን 1984፣ የክልልና የወረዳ ምክር ቤቶች
ግንቦት 28 ቀን 1986፣ የሕገ መንግሥት ጉባኤ
ሚያዝያ 29 ቀን 1987፣ የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ
ግንቦት 6 ቀን 1992
ግንቦት 7 ቀን 1997
ግንቦት 15 ቀን 2002
ግንቦት 16 ቀን 2007
ሰኔ 14 ቀን 2013

የአካባቢ ምርጫዎቹን፣ ማለትም ሚያዝያ 2000ን እና ሚያዝያ 2005ን፣ ከእነዚህ ጋር በአንድ ዓምድ አታሰልፋቸው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ናቸው፣ የወንበሩ ብዛትም የዕጩ አቀራረቡም ሌላ ነው።

---

ቦርከና፦

ሐይቅ ዳር ቀኖቹን ደህና አድርጎ ዘርዝሯል። እኔ ሦስተኛውንና አራተኛውን እይዛለሁ፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚያ ስለሆነ ትንሽ ይረዝማል።

ወረዳና ምርጫ ክልል አንድ አይደሉም። ምርጫ ክልሎቹ በመሠረቱ ለ1980ዎቹ ምርጫዎች የተከለሉት ናቸው፤ በሀገር ደረጃ 547፣ አማራ ክልል 138። ወረዳ ግን ከዚያ ወዲህ እየተሰነጠቀ በዝቷል። ላስታን ውሰድ፣ ከቀድሞው ቡግና ነው የወጣው። መሐል ሳይንት ከሳይንት። የላስታን የ1987 ውጤት «ላስታ» ብለህ ብትፈልግ አታገኘውም፣ ቡግና ውስጥ ተደምሮ ነው ያለው። በተቃራኒው የዛሬዋን ቡግና ከ1987ቷ ቡግና ጋር ጎን ለጎን አድርገህ «የመራጭ ቁጥር በግማሽ ቀነሰ» ብትል ሰው ይስቅብሃል። መሬቱ ነው የተቆረጠው እንጂ መራጩ አልጠፋም።

መፍትሔው ከታች መጀመር ነው። ደረጃው ምርጫ ጣቢያ፣ ቀበሌ፣ ምርጫ ክልል እያለ ነው የሚወጣው። አንተ የምትደምረው በቀበሌ ነው። ምርጫ ጣቢያ ከምርጫ ወደ ምርጫ ቁጥሩም ኮዱም ይቀያየራል፤ አንድ ቀበሌ አንዴ ሁለት ጣቢያ፣ አንዴ ሦስት ጣቢያ ይኖረዋል፣ ምክንያቱም በአንድ ጣቢያ የሚመዘገበው ሰው ጣሪያ አለው፣ ጣሪያውም በሕግ ሲቀየር ቆይቷል። ስለዚህ «ጣቢያ 02» በ2002 እና በ2013 አንድ ቦታ ነው ብለህ አትገምት። መጀመሪያ የወረዳውን የዛሬ ቀበሌዎች ዝርዝር አውጣ፣ ከጎኑ እያንዳንዱ ቀበሌ በ1987 በየትኛው ወረዳና ምርጫ ክልል እንደነበር ጻፍ። ይህ የማመሳከሪያ ገጽ ካልተሠራ የቀረው ሁሉ አሸዋ ላይ ነው። የቀበሌ ውህደትም አለ፤ ሁለት የገበሬ ማኅበር አንድ ቀበሌ የሆነበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ሽማግሌ መጠየቅ ከሰነድ ይፈጥናል።

አሁን ወደ ቆጠራው። የአንድ ጣቢያ ቅጽ ሲደርስህ መጀመሪያ ማጣጣም ነው፣ ከዚያ በፊት ምንም አትገልብጥ። ቁጥሩ ለማሳያ ብቻ የተፈጠረ ነው፣ የማንም ጣቢያ አይደለም፦

የተመዘገበ መራጭ 842
ጣቢያው የተረከበው የድምፅ መስጫ ወረቀት 900
ሳጥን ውስጥ የተገኘ 790
ተበላሽቶ የተመለሰ 6
ሥራ ላይ ያልዋለ 104

790፣ 6 እና 104 ሲደመሩ 900 ይመጣሉ፤ ጣቢያው ከተረከበው ጋር ገጠመ። ቀጥሎ የሳጥኑ ውስጥ፦ ዋጋ ያለው 759፣ ዋጋ አልባ 31፣ ድምሩ 790። ገጠመ። በመጨረሻ ዕጩዎቹ፦ 512፣ 201፣ 46፣ ድምሩ 759። ሦስቱም ከገጠሙ ቅጹ ጤነኛ ነው። አንዱ ካልገጠመ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሁለት አንዱ ነው፦ «የተበላሸ» እና «ዋጋ አልባ» ተቀያይረዋል (የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ ሳይገባ የተመለሰ፣ ሁለተኛው ገብቶ ሲቆጠር ውድቅ የሆነ ነው)፣ ወይም የክልል ምክር ቤቱ ቅጽ ከተወካዮች ምክር ቤቱ ጋር ተደባልቋል።

መቶኛው ላይ እንምጣ። አሸናፊው 512 አለው። ዋጋ ካለው ድምፅ 67.5 በመቶ ነው፣ ከሳጥኑ 64.8፣ ከተመዘገበው 60.8። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ግን አንዱን ረድፍ በአንዱ ሌላውን በሌላው ካሰላህ በሁለት ምርጫዎች መካከል የሰባት ነጥብ «ለውጥ» ከምንም ትፈጥራለህ። የፓርቲ ድርሻ ሁልጊዜ ዋጋ ካለው ድምፅ፣ ተሳትፎ ሁልጊዜ ከተመዘገበው። እዚህ ተሳትፎው 790 ለ842፣ 93.8 በመቶ ነው። ከሕዝብ ቁጥር ተሳትፎ አታስላ፤ ሕፃኑም እዚያ ውስጥ አለ፣ ከ1999 ወዲህ ደግሞ ሌላ ቆጠራ አልተካሄደም።

የክልል ምክር ቤቱ ሌላ ጣጣ አለው። አማራ ክልል ምክር ቤት 294 ወንበር ነው፣ በ138 ምርጫ ክልል። ስለዚህ ከአንድ ምርጫ ክልል ሁለትም ሦስትም ሰው ይመረጣል፣ መራጩም በአንድ ወረቀት ከአንድ በላይ ዕጩ ላይ ምልክት ያደርጋል። የዕጩዎችን ድምፅ ስትደምር ከመራጩ ቁጥር ይበልጥብሃል። «ተጭበርብሯል» ብለህ አትጩህ፣ አሠራሩ ነው። ለዚህ ሠንጠረዥ ከእያንዳንዱ ፓርቲ ከፍተኛ ድምፅ ያገኘውን ዕጩ ብቻ ውሰድ፣ ግርጌው ላይም እንደዚያ ማድረግህን ጻፍ። መቶኛውን ተወው፣ ቁጥሩ ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1997 በ31 ምርጫ ክልሎች ድጋሚ ምርጫ ተደርጓል፣ ነሐሴ 15። ከወሎ ቡግና አንዷ ናት። ለእንደዚህ ያለ ምርጫ ክልል አንድ ዓመት ሁለት ረድፍ ይወስዳል፣ ግንቦትና ነሐሴ። የመጨረሻውን ብቻ ማስቀመጥ ታሪክ ማጥፋት ነው።

---

ጦሳ ሥር፦

በአጭሩ፣ ስለ ዘመን አቆጣጠር። እዚህ ርዕስ ላይ ከሚሠሩ ስህተቶች ግማሹ ከዚህ ይመጣል። ተመሳሳይ ቁጥር በሁለቱ አቆጣጠር ሁለት የተለያየ ምርጫ የሚሆንባቸውን ዓመታት ግድግዳህ ላይ ለጥፋቸው፦

1987፦ በእኛ የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ። በፈረንጅ የሸንጎው ምርጫ ዓመት (የእኛ 1979)።
1992፦ በእኛ ሁለተኛው ጠቅላላ ምርጫ። በፈረንጅ የክልልና የወረዳ ምክር ቤቶቹ (የእኛ 1984)።
2000፦ በእኛ የአካባቢ ምርጫ። በፈረንጅ ሁለተኛው ጠቅላላ ምርጫ (የእኛ 1992)።
2005፦ በእኛ የአካባቢ ምርጫ። በፈረንጅ የቅንጅት ዘመኑ ምርጫ (የእኛ 1997)።
2007፦ በእኛ ጠቅላላ ምርጫ። በፈረንጅ የሕዝብና ቤት ቆጠራ (የእኛ 1999)።
2013፦ በእኛ ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ። በፈረንጅ የአካባቢ ምርጫ (የእኛ 2005)።

2007 ላይ ያለው በጣም መጥፎ ነው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የዋግ ኽምራን ሕዝብ በ2007 426,213 ይላል፤ ያ የ1999 ቆጠራችን ነው። ሰው ወስዶ ከ2007ቱ የመራጭ መዝገብ ጋር ያካፍለዋል፣ ስምንት ዓመት ተዛነፈ ማለት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ምርጫችን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ስለሚውል ከፈረንጁ 8 ቀንስ። የአሜሪካው ግን ጥቅምት ማብቂያ አካባቢ ስለሆነ 7 ነው የሚቀነሰው። ለዚህ ነው የእነሱ 2020 እና የእኛ የ2021ዱ ምርጫ ሁለቱም በ2013 የዋሉት፤ የእነሱ ጥቅምት 24፣ የእኛ ሰኔ 14።

---

የዋጉ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጣችሁ። የቦርከናን የማጣጣሚያ ስሌት ዛሬውኑ በኤክሴል አሠርተነዋል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ የፓርቲ ዓምድ። ኢሕዴን፣ ብአዴን፣ አዴፓ፣ ብልጽግና፣ አራት ዓምድ ይሁኑ ወይስ አንድ? አጋሬ «አንድ ቤት ነው፣ ስሙ ነው የተቀየረው» ይላል። ሁለተኛ፣ የሰነዱ ጉዳይ፤ ወረዳው ላይ የድሮ ቅጾች የሉም ነው የተባልነው።

---

ቦርከና፦

አጋርህ ከፊሉን ልክ ነው። ከኢሕዴን ወደ ብአዴን በ1986፣ ከብአዴን ወደ አዴፓ መስከረም 2011፣ ያ የስም ለውጥ ነው፣ አንድ ዓምድ ይበቃዋል። በኅዳር 2012 የሆነው ግን ስም መቀየር አይደለም። ከኢሕአዴግ ሦስቱ ድርጅቶችና አጋር ይባሉ የነበሩት ተዋሕደው አዲስ ፓርቲ ሆኑ፣ ሕወሓት አልገባም። አንድ ዓምድ ካደረግኸው መሐሉ ላይ ወፍራም መስመር ይሰመር።

ወሎ ሰፊ ስለነበር ይህ ጉዳይ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል። አውሳ የድሮው ወሎ አካል ነበር፣ ዛሬ አፋር ነው። እዚያ ለብዙ ጊዜ ያሸንፍ የነበረው አጋር ድርጅት እንጂ የኢሕአዴግ አባል አልነበረም። የአውሳን ረድፍ ከዋግ ረድፍ ጋር «ኢሕአዴግ» በሚል አንድ ዓምድ ሥር ማስቀመጥ ስህተት ነው። የአርጎባው ድርጅትም እንደዚሁ በራሱ ስም ወንበር ይዞ የቆየ ነው፤ «ሌሎች» ውስጥ ከጨመርከው አሸናፊው «ሌሎች» ሊሆንብህ ነው።

---

ሐይቅ ዳር፦

እዚህ ላይ ከቦርከና ትንሽ እለያለሁ። ወፍራም መስመር አይበቃም፣ አንባቢ መስመሩን አያይም፣ ዓምዱን ነው የሚያነበው። 2013ን ለብቻው ዓምድ ስጠው። ገጹ ቢጠብም ይጥበብ።

ተቃዋሚውም ጋ ተመሳሳይ ጣጣ አለ። ቅንጅት በ1997 የአራት ድርጅቶች ጥምረት ነበር፣ መኢአድም (የመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት) አንዱ ነው። ጥምረቱ በዚያ መልኩ ለ2002 አልደረሰም። «ቅንጅት 1997 ይህን ያህል፣ 2002 ዜሮ» ብለህ ብትጽፍ መራጩ ጥሎት የሄደ ያስመስላል። በወረቀቱ ላይ ያልነበረ ፓርቲ ዜሮ አላገኘም፣ ሰረዝ ነው የሚደረግለት። አብንም (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ) ከ2010 በፊት ስላልነበረ ከዚያ በላይ ያሉት ረድፎቹ ሁሉ ሰረዝ ናቸው።

ምልክቶችህን ከመጀመሪያው ወስን። «0» ተወዳድሮ ምንም ድምፅ ያላገኘ ነው። ሰረዝ ያልተወዳደረ። «ሰ.የ.» ሰነድ የለም። «ድ.አ.» በዕለቱ ድምፅ ያልተሰጠበት፣ ምክንያቱም በ2013 በፀጥታ ምክንያት ምርጫ ያልተካሄደባቸው ምርጫ ክልሎች አማራ ክልል ውስጥም ነበሩ። አራቱን በአንድ ባዶ ሣጥን ከወከልክ ከአሥር ዓመት በኋላ አንተ ራስህ አትለያቸውም።

ደግሞ ወንበርንና ድምፅን አትቀላቅል። በ2007 547ቱም ወንበር በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዘ፤ በ2002 ደግሞ ከሁለት በስተቀር ሁሉም። ያ ማለት በየቀበሌው ለሌላ የተሰጠ ድምፅ አልነበረም ማለት አይደለም። በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት 40 በመቶ ያገኘም ቀሪው ከተበታተነ ወንበሩን ሙሉ ይወስዳል። የወረዳ ታሪክ የሚጻፈው በወንበር ከሆነ ሦስት ረድፍ ተከታትሎ አንድ ቃል ይሆንብሃል፤ የቀበሌ ድምፅ ስታወርድ ነው ልዩነቱ የሚታይህ።

---

ጦሳ ሥር፦

ስለ ሰነዱ። አብሽር፣ ወረዳው ላይ የለም ማለት የትም የለም ማለት አይደለም። በ2014ቱ ጦርነት ብዙ የወረዳና የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሰነዱ ወድሟል፣ ስለዚህ ወደ ላይ ነው የሚፈለገው።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ። መጀመሪያ ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ወይም ከዩኒቨርሲቲ የትብብር ደብዳቤ አጽፍ፣ ማኅተምና ቁጥር ያለው። ደብዳቤው ላይ «የምርጫ መረጃ» ብቻ ከተጻፈ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ያንከራትቱሃል፤ የምርጫውን ቀን፣ የምርጫ ክልሉን ስምና የምትፈልገውን ቅጽ ለይተህ አስጽፍ፦ «የግንቦት 15 ቀን 2002 የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ ውጤት፣ በምርጫ ጣቢያ» እያልክ። ከዚያ ወደ ምርጫ ቦርድ ቅርንጫፍ፣ ከዚያ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት። በአዋጅ 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት አለህ፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የጥያቄህን ቅጂ ላይ «ደርሶናል» አስብለህ ቀን አስጽፍበት፣ ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

በምርጫ ክልል ደረጃ ያለውን ውጤት ከቦርዱ የታተሙ ሰነዶች ታገኛለህ። የጃንሆይንና የ1979ን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ፈልግ፤ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት የድሮ እትሞች አላቸው። በቀን ካልሄድክ አትጨርሰውም፤ ምርጫው ከዋለበት ቀን ጀምሮ የስድስት ሳምንት እትም አገላብጥ፣ ውጤቱ በየክፍሉ እየቆራረጠ ነው የሚወጣው።

ሌላው፣ ውጤት በየጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል፣ ለወኪሎችም ቅጂ ይሰጣል። የ2013ን ቅጽ በስልኩ ፎቶ ያነሳ ሰው በየቀበሌው አይጠፋም። ለማመሳከሪያ ጥሩ ነው፣ ለዋና ምንጭ ግን አይሆንም፤ ፊርማና ማኅተሙ በግልጽ ካልታየ ከሠንጠረዡ አስወጣው።

---

የዋጉ፦

ሎቪንግን ግን በንድፍነት ልንይዛት? ወይስ ጨርሰን እንተዋት?

---

ቦርከና፦

ያዟት፣ ግን ምኗን እንደምትይዙ እወቁ። የሚጠቅማችሁ የሠንጠረዡ ቅርጽ ነው፣ በየረድፉ ቁጥርና መቶኛ ጎን ለጎን መኖሩ። መቶኛዋ ብቻዋን ታታልላለች። በ2020 60 ለ66 ማለት 90.9 በመቶ ነው፤ እዚያ አንድ ሰው ብቻ አንድ ነጥብ ተኩል ያንቀሳቅሳል። በ1992 እ.ኤ.አ. ከሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች ውጪ የተወዳደረው ሮስ ፔሮ ያቺን ካውንቲ አሸንፏል፤ ያን ያህል ሰው ባለበት ጥቂት ቤተሰብ አሳቡን ከቀየረ ካውንቲው ተቀየረ ማለት ነው። ዝም ብሎ የሚያይ ሰው «ቴክሳስ ውስጥ አብዮት ሆነ» ይላል።

ሌላም ጉድ አለባት። የ2020 ቆጠራ የሎቪንግን ነዋሪ 64 ነው ያለው፣ ድምፅ የሰጠው 66። በሕዝብ ቁጥር የሚያካፍል ሰው ከመቶ በላይ ተሳትፎ ያገኛል። ቆጠራው የሚይዘው በዚያ ዓመት መጋቢት 23 (የእነሱ ኤፕሪል 1) እዚያ የሚኖረውን ነው፣ የመራጭ መዝገቡ ደግሞ ቤቴ እዚያ ነው ብሎ የተመዘገበውን፤ ሁለት የተለያየ ዝርዝር ነው። የናንተም ወረዳ ላይ ይህ ይመጣል። ለቀን ሥራ ወደ ሁመራና መተማ የሚወርድ ሰው፣ በድርቅና በጦርነት የተፈናቀለ፣ የተመዘገበበትና የሚኖርበት ለየቅል ነው። የልዩ ምርጫ ጣቢያ ድምፅ፣ የተፈናቃይም ይሁን የካምፕ፣ ካለ ከቀበሌ ድምር ውጪ በራሱ ረድፍ ይቀመጥ።

ሌላው ልዩነት የክፍሉ ትርጉም ነው። ካውንቲ ለፕሬዚዳንት ወንበር የለውም፤ ድምፁ ከመላው ቴክሳስ ጋር ይደመርና ያሸነፈው የክፍለ ሀገሩን ወኪል መራጮች (በመጨረሻ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡትን) በሙሉ ይወስዳል፣ በ2020 38 ነበሩ። እናንተ ጋ ምርጫ ክልሉ ራሱ አንድ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር አለው። ስለዚህ ከነሱ ሠንጠረዥ የሌለ አንድ ዓምድ እናንተ ታስፈልጋችኋለች፦ «በምርጫ ክልሉ ያሸነፈው»። ወረዳው ለአንዱ አብላጫ ሰጥቶ ምርጫ ክልሉን ሌላው ሊያሸንፍ ይችላል፤ በተለይ ወረዳው ከትልቅ ጎረቤት ወረዳ ጋር በአንድ ምርጫ ክልል ከገባ።

ከ500 መራጭ በታች የሆነች ቀበሌ ላይ መቶኛ ባትጽፉ ይመረጣል። ቁጥሩን ብቻ። እዚያ ላይ አሥርዮሽ ነጥብ ማስገባትማ ይቅርባችሁ።

---

ሐይቅ ዳር፦

ከዚህ ጋር የሚሄድ ጥንቃቄ አለ። ጥቂት መራጭ ባለባት ጣቢያ አንድ ፓርቲ 2 ወይም 3 ድምፅ ብቻ ካገኘ፣ ያ ቁጥር በመጽሐፍ ሲታተም የሰፈሩ ሰው እነማን እንደሆኑ ያውቃል። ድምፅ ምስጢር ነው። እንደነዚህ ያሉትን ጣቢያዎች ከጎረቤታቸው ጋር ደምራችሁ በቀበሌ ወይም በንዑስ ወረዳ አትሙ፣ ዝርዝሩ በፋይል ይቆይ።

---

የዋጉ፦

ይህን አላሰብንበትም ነበር፤ የጣቢያውን ዝርዝር ከመጽሐፉ አውጥተን በቀበሌ ድምር ብቻ እናትማለን። የቀበሌ ማመሳከሪያውን ገጽ ሳንጨርስ ወደ ቁጥሩ አንገባም። ዓርብ ደብዳቤውን እናስጽፋለን፣ ቀኖቹን ሐይቅ ዳር እንዳስቀመጣቸው አንድ በአንድ ዘርዝረን።

---

ጦሳ ሥር፦

የነሐሴ 15 ቀን 1997ንም ጨምሩበት፣ ባታገኙት እንኳ «በዚህ ምርጫ ክልል ድጋሚ ምርጫ አልነበረም» የሚል መልስ በጽሑፍ መያዙ ራሱ ሰነድ ነው።